ደባርቅ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል

ጎንደር ፒያሳ፣ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ሕንፃዎች ጀርባ ካሉት ጠባብ ሱቆች በአንዱ ራዲዮኔን ላስጠግን ተቀምጬ ነበር። ባለሙያው ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ የመነጽራቸው ክንድ በጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሟል። የሰው ዕቃ ሲጠግን የሚውል ሰው ለራሱ ዕቃ ጊዜ የለውም መሰለኝ። ራዲዮው ገና ሳይከፈት አንዲት ሴት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። ከደባርቅ በማለዳ ሚኒባስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ መምጣቷን ኋላ ነው የነገረችን። የሰማሁትን እንዳስታወስኩት አስፍሬዋለሁ። እኔም ጣልቃ መግባቴ አልቀረም።

ባለጫጩቷ፦ እንደምን አረፈዱ ጋሼ።

ባለሙያው፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። ምን ይዘሻል?

ባለጫጩቷ፦ ይችን ማሽን ነው። ጨርሳኛለች፤ ካልተሠራች እጥላታለሁ።

ባለሙያው፦ (ፌስታሉን እየፈቱ) ኤስቲሲ-1000። ቴርሞስታት ናት። ፍሪጅ ላይም፣ እንቁላል መፈልፈያ ላይም የምትገባዋ። ምን አደረገችሽ?

ባለጫጩቷ፦ ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩት አስመጥቼ ነበር። አርባ አምስት ቀን አሳድጌ ለገበሬው ልሸጥ። ስልሳ ሦስቱ በሦስት ሌሊት አለቁ። ማሽኗ ግን 33 ትላለች! ሌሊት ተነስቼ አያለሁ፣ 33። ሲነጋ አያለሁ፣ 33። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተቆልለው፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ነው የማገኛቸው።

ባለሙያው፦ ይጮኹ ነበር?

ባለጫጩቷ፦ ሲጮኹ ነበር የሚያድሩት። ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል።

ባለሙያው፦ እንግዲያው በርዷቸዋል። ሞቋቸው ቢሆን ከአምፖሉ ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ነበር፤ ድምፅም አያሰሙም። አንድ ጎን ብቻ ቢሰበሰቡ ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ደህና የሆነ ጫጩት እንደ ተበተነ እህል ነው፤ ሁሉም ቦታ ታገኚዋለሽ፤ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ይተኛል።

ባለጫጩቷ፦ እኔም በርዷቸዋል ብዬ ነበር። ግን ማሽኗ 33 እያለች እንዴት ብዬ ልከራከራት?

ባለሙያው፦ እስቲ ከመጀመሪያው። ይች ጥቁር ጅራቷ፣ ሴንሰሯ፣ የት ነበረች?

ባለጫጩቷ፦ በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት፣ እንጨት ላይ አስሬ። አምፖሉ ቀጥታ አይመታትም፤ ጉዝጓዙ ውስጥም አልቀበርኳትም።

ባለሙያው፦ (መነጽራቸውን አውልቀው እያዩዋት) ማን አስተማረሽ?

ባለጫጩቷ፦ የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

ባለሙያው፦ ይባረክ። እዚህ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሴንሰሯን ጣሪያ ሥር ይሰቅሏታል። ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ላይኛው ሲሞቅ ማሽኗ «በቃ» ብላ ታጠፋለች፣ መሬት ላይ ያለው ፍጥረት ይንቀጠቀጣል። ሌላው ደግሞ ሴንሰሯን ሳያስር ይተዋታል፤ ዶሮ ትጎትታታለች፣ ውጭ ብርድ ላይ ትወድቃለች። ያኔ ማሽኗ ቤቱ የቀዘቀዘ መስሏት ሳታቋርጥ ታነዳለች። የቤት እሳት አንዱ መነሻ ይኸው ነው። ስንት ዋት ነበር ማሞቂያሽ?

ባለጫጩቷ፦ አራት ቀይ አምፖል፣ እያንዳንዱ 250።

ባለሙያው፦ አንድ ሺህ ዋት። በ220 ቮልት አራት አምፔር ተኩል ነው። ማሽኗ ላይ 10 አምፔር ተጽፏል፤ እኔ ግን ርካሽ ሪሌ ላይ የተጻፈውን በግማሽ ነው የማምነው። ስለዚህ አፋፍ ላይ ነሽ፣ ግን አላለፍሽም። መብራታችሁስ? ምሽት አይደክምም?

ባለጫጩቷ፦ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ይደክማል። አምፖሉ ቡና ይመስላል።

ባለሙያው፦ 220ው ወደ 180 ሲወርድ የመቶ ዋት ማሞቂያ መቶ አይሰጥሽም፤ ስልሳ ሰባት ቢሰጥ ነው። ቮልቱ በአምስተኛ ገደማ ቢቀንስ ሙቀቱ በሲሶ ይቀንሳል። ይኼን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ግን ተይው፤ ያንቺ ችግር እሱ አይደለም።

እኔ፦ በምን አወቁ ጋሼ?

ባለሙያው፦ ኃይል ያነሰው ቤት ቁጥሩ ይወርድ ነበር፤ 33 ላይ አይቆምም። ልጄ፣ ሌሊት ስትነሺ አምፖሎቹ በርተው ነበር ጠፍተው?

ባለጫጩቷ፦ አብዛኛውን ጠፍተው። ትንሽ ይበሩና ይጠፋሉ።

ባለሙያው፦ በይ እንግዲህ። ማሞቂያው አቅም አለው፣ ግን «ጠግበናል» ተብሎ ተከልክሏል። ሴንሰሯ ቦታዋ ላይ ነች። ጫጩቱ ብርድ ብሎኛል ይላል፣ ማሽኗ 33 ትላለች። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ ውሸት አልተማረም። (ወደ ውጭ) አንተ ልጅ! ከጁስ ቤት የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ አምጣልኝ!

በረዶው እስኪመጣ ማሽኗን ሶኬት ላይ ሰኩ። ቀይ ቁጥር ወጣ፦ 31። የጎንደር የረፋድ አየር ጥላ ውስጥ 31 ሲሆን አላውቅም፤ ሹራብ ለብሰን ነበር። ሦስታችንም ቁጥሩን አየን፣ ማንም አልተናገረም። ልጁ በረዶውን አመጣ። ባለሙያው ጥቂት ውሃ ጨመሩበት፣ ሴንሰሯን መሃሉ ከተው በካቻቢቴ ጫፍ ያማስሉ ጀመር።

ባለሙያው፦ በረዶ ብቻውን አይሆንም፤ ከዜሮም በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል። ውሃ ብቻውንም አይሆንም። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲማሰሉ ዜሮ ነው። ምፅዋም ዜሮ፣ ጎንደርም ዜሮ፣ ራስ ደጀን ጫፍም ዜሮ። እያየሽ ነው?

ባለጫጩቷ፦ 9 ነጥብ 2 ላይ ቆመ።

ባለሙያው፦ በረዶ ውስጥ ዘጠኝ። (ቁልፉን ረገጥ አድርገው ያዙ) ይኸውልሽ። ይች ማሽን አራት መዝገብ አላት። ኤፍ 1 የምትፈልጊው ሙቀት ነው። ኤፍ 2 ልዩነቱ። ኤፍ 3 ለፍሪጅ ሞተር የተሠራ መዘግየት ነው፤ ለጫጩት ጉዳይሽ አይደለም። ኤፍ 4 ማረሚያ ነው፤ ሴንሰሯ ከተሳሳተች እስከ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚታረምባት። ከፋብሪካ ስትወጣ ዜሮ ናት። አሁን ስንት ትላለች?

ባለጫጩቷ፦ ዘጠኝ።

ባለሙያው፦ ማን ነካት?

ባለጫጩቷ፦ (ዝም ካለች በኋላ) ወንድሜ። ኤሌክትሪክ ይማራል። ማሽኗ ትክክል መሆኗን በፈላ ውሃ እንፈትን አለ። ድስቱ ሲንተከተክ ሴንሰሯን ከተተ፣ 91 አለች። የፈላ ውሃ መቶ መሆን አለበት፣ ዘጠኝ ጎድሏታል ብሎ ሞላላት።

ባለሙያው ሳቁ። ከዚያ ሴትዮዋን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ።

ባለሙያው፦ ልጁ ሞኝ አይደለም። ሳይፈትን ከሚሰካው ስንት ሰው ይሻላል። መጽሐፉ መቶ ይላል፣ እሱም መቶ አለ። ግን መጽሐፉ የሚያወራው ባሕር ዳርቻ ላይ ስላለ ድስት ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር ውሃው ላይ የሚጫነው አየር ይቀላል፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል። በየሦስት መቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ምፅዋ 100 ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ነን፤ እዚህ 93 ላይ ይፈላል። ደባርቅ 2,800 ያልፋል፤ እናንተ ዘንድ በ90 እና በ91 መካከል ነው። እናትሽ ባቄላ ስትቀቅል ከጎንደር ዘመድ ይልቅ ማገዶ የምትፈጀው ለምን ይመስልሻል? ውሃው ይንተከተካል እንጂ የቆላውን ያህል አይሞቅም።

ባለጫጩቷ፦ እና 91 ያለችው...

ባለሙያው፦ እውነቷን ነበር። ከሱቅ ስትወጣ ደህና ነበረች። እናንተ ዘጠኝ ጨመራችሁባት፤ ከዚያ ወዲያ 33 ስትል ቤቱ 24 ነው። 24 ለእኔና ለአንቺ ምቹ ነው። ላባ ላላወጣ ጫጩት ግን ሞት ነው።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ በበኩሌ ስለ ወንድሟ አሰብኩ። በትክክል ፈትኖ፣ በትክክል አንብቦ፣ በሌላ አገር ከፍታ ያረመ ልጅ። ስንት ነገራችንን እንዲህ እንዳረምን ለመቁጠር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ባለጫጩቷ፦ አሁን ዜሮ ካደረጓት ይበቃል?

ባለሙያው፦ ዜሮ አድርጌያታለሁ። በረዶው ውስጥ 0 ነጥብ 2 ትላለች፤ ይች ማሽን አንድ ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ብትስት አይፈረድባትም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በረዶም ቢሆን፣ የፈላ ውሃም ቢሆን፣ አንቺ ከምትሠሪበት ሩቅ ነው። ዜሮ ላይ ልክ የሆነች ሴንሰር 33 ላይ ትንሽ ልትስት ትችላለች። ስለዚህ የትኩሳት መለኪያ አለሽ? ብብት ውስጥ የሚገባው?

ባለጫጩቷ፦ ለልጆቹ የገዛሁት ዲጂታል አለ።

ባለሙያው፦ እሱ ጥሩ ዳኛ ነው። ከ35 እስከ 42 ድረስ ለሰው ሕይወት ተብሎ የተሠራ ነው። ለብ ያለ ውሃ በፔርሙዝ ክዳን ቅጂ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ክተቺ፣ አማስይ፣ 37 አካባቢ ሲሆን አወዳድሪ። ልዩነት ካለ ያንን ብቻ በኤፍ 4 አርሚ። ግማሽ ከሆነ ግማሽ፣ አንድ ከሆነ አንድ። ዘጠኝ ካገኘሽ እጅሽን ሰብስበሽ ወደ እኔ ነይ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ለአንድ ጫጩት ቤት ይኼ ሁሉ ቴርሞስታት ያስፈልጋል? አያቶቻችን ዶሮ ያረቡት በምን ነበር?

ባለሙያው፦ በእናቲቱ ነዋ። የምታቅፍ ዶሮ ገላዋ 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ቤቱን ሁሉ ግን 33 አታደርገውም፤ ክንፏ ሥር ብቻ ነው የሚሞቀው። ጫጩቱ ሲበርደው ይገባል፣ ሲሞቀው ይወጣል። የሚመርጠው እሱ ነው። አንድ የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ አለ። ባለፈው በቪዲዮ ሲያሳየኝ እንሽላሊት ያሳድጋል።

ባለጫጩቷ፦ እንሽላሊት? በቤቱ? ወይ ጉድ!

ባለሙያው፦ በመስታወት ሳጥን። ስም ሁሉ አውጥቶላታል። እኔም እንደ አንቺ አማተብኩ። ኋላ ግን አሠራሩን ሲያስረዳኝ ጆሮዬን ሰጠሁ። የሳጥኑ አንድ ጫፍ ሙቅ ነው፣ ሌላው ቀዝቃዛ። እንሽላሊት የራሷ ሙቀት የላትም፤ ጠዋት ከካቡ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ አይተሻት የለም? ሲበቃት ወደ ጥላ ትገባለች። እዚያም እንደዚያው ነው። ቴርሞስታቱ ሙቁ ጫፍ ከልክ እንዳያልፍ ብቻ ይጠብቃል፤ ለእንሽላሊቷ አይመርጥላትም። እዚያ ሦስት ዓይነት አላቸው። አንዱ እንዳንቺው የሚያበራና የሚያጠፋ ነው፤ ለምንጣፍ ማሞቂያ ይሆናል። ሁለተኛው አምፖሉን ቀስ አድርጎ የሚያደበዝዝ። ሦስተኛው ለሴራሚክ ማሞቂያ ኃይሉን ቆራርጦ የሚሰጥ። በአብሪ አጥፊው አምፖል አይነዱም።

ባለጫጩቷ፦ ለምን?

ባለሙያው፦ አምፖል በደቂቃው ሲበራና ሲጠፋ ሽቦው ቶሎ ይበጠሳል። ላንቺ ግን ከዚያ የከፋ ነገር አለው። ጫጩት ድንገት ሲጨልምበት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ይቆለላል። ያንቺ ስልሳ ሦስት የሞቱት በብርድ ብቻ አይመስለኝም። በርዷቸው ተጠጋግተው ሳሉ መብራቱ ጠፋባቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ።

ባለጫጩቷ፦ እህ... ልክ ሲጠፋ ነበር ጩኸቱ የሚብሰው።

ባለሙያው፦ እንግዲያው እንዲህ አድርጊ። ከአራቱ ቀይ አምፖል ሁለቱን በቀጥታ፣ ያለ ማሽን፣ ሁልጊዜ አብሪያቸው። ሁለቱን ብቻ በማሽኗ አዝዢ። ያኔ ጨርሶ አይጨልምም፤ ማሽኗም ከአራት አምፔር ተኩል ወደ ሁለት ከሩብ ገደማ ትወርዳለች፣ ሪሌዋ ዕድሜ ታገኛለች። ቀን ሲሞቅ ሁለቱን ቀጥታዎች ከፍ አድርገሽ ስቀያቸው። ገንዘብ ካገኘሽ በማሽኗ የሚታዘዙትን በሴራሚክ ቀይሪ፤ ሴራሚክ ይሞቃል እንጂ አያበራም። ግን የአምፖል ማቀፊያው የሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥብሻል። ቆጣቢ አምፖል ለማሞቂያ እንዳትገዢ፤ የተሠራው እንዳይሞቅ ተብሎ ነው።

ባለጫጩቷ፦ ኤፍ 1 ስንት ላድርግ?

ባለሙያው፦ የመጀመሪያው ሳምንት 33። ከ32 እስከ 35 ቢሆን ያስኬዳል። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ቀንሺ፤ 21 ገደማ እስኪደርስ። ያኔ ላባ አውጥተዋል። ኤፍ 2ን አንድ አድርጊው፤ 33 ሲደርስ ያጠፋል፣ 32 ሲሆን ያበራል። ከዚያ አታጥብቢው፤ በየደቂቃው ጠቅ ጠቅ ሲል ያድርና ሪሌው ይበላል። ቁጥሩን ካደረግሽ በኋላ ግን ቁጥሩን ተይው፣ ጫጩቱን እዪ። ተበትነው ከሆነ 31 ቢልም ደህና ነው። ከተቆለሉ 35 ቢልም በርዷቸዋል።

እኔ፦ ቦታው ሰፊ ከሆነ ሙቁ አንድ ጥግ ብቻ ይሆናላ።

ባለሙያው፦ ይሁን! ያ ነው የሚፈለገው። አምፖሎቹን አንድ ወገን ሰብስቢ፣ ውሃና መኖውን ከሙቁ ጠርዝ ላይ አድርጊ፣ ሌላውን ወገን ለቀቅ አድርጊው። ክብ አድርገሽ በካርቶን እጠሪው፤ ጥግ አይኑረው፤ ጥግ ካለ መቆለያ ነው። ደግሞ ቤቱን ጫጩቱ ከመምጣቱ ከአንድ ቀን በፊት አሙቂው። አየሩ ሞቆ መሬቱ ከቀዘቀዘ እግራቸው ይበርዳል፤ እግሩ የበረደው ጫጩት አይበላም።

ባለጫጩቷ፦ ወንድሜ ደግሞ መፈልፈያ ማሽን እንሥራ ይላል። እንቁላሉን ራሳችን እንፈልፍል።

ባለሙያው፦ ለአሁኑ ተይው። ጫጩት ሁለት ዲግሪ ይቅርታ ያደርግልሻል፤ እንቁላል ግን 37 ተኩል ከተባለ 37 ተኩል ነው፣ ለሃያ አንድ ቀን። አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ከሌለው ደግሞ ከላይና ከታች ሙቀቱ ይለያያል። እናንተ ዘንድ ሌላም ጣጣ አለው፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ እንቁላሉ የበለጠ ውሃ ያጣል፣ ውስጥ ያለው ፍጥረትም ኦክስጂን ያንሰዋል። ከቆላ ያነሰ ነው የሚፈለፈለው። ጫጩቱን ከሚፈለፍሉት ግዢ፣ አንቺ አሳድጊ።

እኔ፦ አርባ ምንጭ የአዞ እርባታው እንቁላል በሙቀት ይፈለፈላል ሲባል ሰምቻለሁ።

ባለሙያው፦ የአዞስ ብሶበት! ከሐይቁ ዳር የሰበሰቡትን እንቁላል ነው የሚያስፈለፍሉት። አዞ ወንድ ወይ ሴት የሚሆነው በአሸዋው ሙቀት ነው። 32፣ 33 አካባቢ ሲሆን ወንዱ ይበዛል፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ሴት። አስበው፤ ቴርሞስታት አንድ ሁለት ዲግሪ ብትስት ትውልዱ ሁሉ አንድ ጾታ ይሆናል። የዶሮ ግን ከእንቁላሉ ጋር የተወሰነ ነው፤ በሙቀት ሴት ጫጩት አበዛልሻለሁ የሚል ሰው ከመጣ አታስገቢው።

ባለጫጩቷ፦ (ስቃ) መጥቶ ነበር እኮ ጋሼ።

መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። ቀጥላ ግን የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀች።

ባለጫጩቷ፦ መብራት ሲጠፋስ? እናንተ ዘንድ ይጠፋል፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል።

ባለሙያው፦ እሱን ማሽን አይመልስልሽም። ቴርሞስታት ሙቀት አትሠራም፤ ያለውን ነው የምታዝዘው። ከሰል ታስቢያለሽ አይደል?

ባለጫጩቷ፦ ምድጃውን አስገብቼ በሩን ዘግቼ።

ባለሙያው፦ እሱን አታድርጊው። ከሰሉ ነጭ አመድ ቢለብስም ጭሱ አለቀ እንጂ መርዙ አላለቀም። ሽታ የለው፣ አይታይ። ጫጩቱን ይጨርሳል፣ አንቺም ልታዪያቸው ስትገቢ እዚያው ትቀሪያለሽ። የምታደርጊው ይኸው፦ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በጆንያ ጠቅልለሽ መሃላቸው አስቀምጪ። ሦስት አራት ካለሽ ሌሊቱን ያጋምሳል። ከዚያ የተሻለው የድርቆሽ ሳጥን ነው። የጅማ የግብርና ተመራማሪዎች ያጠኑት ነው። ሣጥን ትሠሪያለሽ፣ ግድግዳውንና ክዳኑን በድርቆሽ ትሞያለሽ፣ ጫጩቶቹ ሌሊት እዚያ ገብተው በገዛ ገላቸው ሙቀት ያድራሉ። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይኑረው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። መብራት ያለው ሰውም ቢሆን ለክፉ ቀን አንድ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ባለጫጩቷ፦ ድርቆሽ ሞልቷል። እሱን ወንድሜ ይሥራው።

ባለሙያው፦ ይሥራው፣ እዳ አለበት። ደግሞ ብርድ ፈርተሽ ቤቱን ጨርሰሽ አትጠቅጥቂው። የኩሳቸው ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ አየር ያጣ ጫጩት ደጋ ላይ ቶሎ ይደክማል። ለሥጋ የሚሆነው ፈጣን ዘር ደግሞ ብርድና ከፍታ ሲገናኙበት ልቡ አይችልም፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። አንቺ ሳሶ ነው ያመጣሽው?

ባለጫጩቷ፦ ሳሶ ነው።

ባለሙያው፦ እሱ ደህና ይችላል። አሁን የመጨረሻው። ማሽኗ ውስጥ ያለችው ሪሌ እንደ በር ናት፤ አንድ ቀን ብልጭታ ያጣብቃትና አልከፈት ትላለች። ያኔ አምፖሉ አይጠፋም፣ ሙቀቱ 45 ይደርሳል። ለዚህ ሌላ ርካሽ ቴርሞስታት ገዝተሽ በተከታታይ አስገቢ፤ ሴንሰሯን ለብቻ እሰሪ፣ 38 ላይ አድርገሻት ተያት። ሥራ የላትም፤ ዘበኛ ናት። ከሁለት ውድ ማሽን አንዱን ከምትመርጪ ሁለት ርካሽ ግዢ።

እኔ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ለገበያዎ አይደለም የሚናገሩት?

ባለሙያው፦ ማሽን እኮ አልሸጥም ወንድሜ። የተበላሸ ነው የምጠግነው።

ሴትዮዋ ሂሳቡን ጠየቀች። «የበረዶውን ለጁስ ቤቱ ልጅ ስጪ» አሏት። አልቀበልም አለች፤ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ከፌስታሏ ሥር እንቁላል አወጣች፤ በሣር ተጠቅልሎ መቶ ኪሎ ሜትር የመጣ፣ አንዱም ያልተሰበረ። እሷ ቤት ካረጁት ዶሮዎች ነው አለች።

ስትወጣ ባለሙያው ከበሩ ላይ ጠሯት።

ባለሙያው፦ አምፖሉን በሰንሰለት ስቀይው! በኤሌክትሪክ ሽቦው እንዳታንጠለጥይው! ጉዝጓዝሽ ሰጋቱራ ነው አይደል?

ባለጫጩቷ፦ ሰጋቱራ ነው!

ባለሙያው፦ እንግዲያው በሰንሰለት!

ቀጥለው አንድ ነገር ትዝ አላቸውና መልሰው ጠሯት። ማሽኗን ተቀበሏት፣ ነጭ ናስትሮ ቆርጠው ጀርባዋ ላይ ለጠፉ፣ በእስክርቢቶም ጻፉበት፦ «ኤፍ 4 = 0። የደባርቅ ውሃ በ91 ይፈላል። አትንኩ።»